ሰላማዊ ሰልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ልወጣ ነው፣ ደሴ ያላችሁ ምከሩኝ

ከጦሳ_ስር

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው ያለሁት፣ 24 ዓመቴ ነው፣ ልብስ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ሰላማዊ ሰልፍ ወጥቼ አላውቅም። ያደግኩት ፖለቲካ ሲነሳ ድምፅ በሚቀነስበት ቤት ነው።

እሁድ ጠዋት ሰልፍ አለ እየተባለ ነው። ከሆጤ ስታዲየም ተነስቶ በዋናው መንገድ ወደ ፒያሳ። ጥያቄዎቹ እገታ ይቁም፣ መንገድ ይከፈት፣ ሰላማዊ ሰው አይገደል፣ የተፈናቀለ ወደ ቀዬው ይመለስ የሚሉ ናቸው። የማንም ፓርቲ አባል አይደለሁም። መውጣት የፈለግኩት ቤታችን በደረሰው ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መንገድ ላይ ታግቶ፣ ቤተሰቡ በሬ ሸጦ፣ ከዕድር ተበድሮ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጨርቅ ዘርግቶ ለምኖ ነው ያስለቀቀው። ከተመለሰ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። በር ሲንኳኳ ከተቀመጠበት ብድግ ይላል፣ ማን እንደሆነ ሳይሰማ አይቀመጥም። ይሄን እያየሁ ምንም እንዳልሆነ ሱቅ ከፍቼ መዋል ከበደኝ።

ችግሩ እናቴ ናት። ታላቅ ወንድሟ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ደግሞ በደርግ ጊዜ መስከረም 2 በመጣ ቁጥር ቀበሌ እየጠራ፣ ስም እየያዘ በግድ ያሰልፋቸው ነበር። ስለዚህ ለእሷ ሰልፍ ወይ ሞት ነው ወይ ግዳጅ። በራስ ፍላጎት የሚወጣበት ሰልፍ አለ ብላት አታምነኝም።

እስቲ የወጣችሁ ንገሩኝ። ምን ይለበሳል? ስልክ ይያዛል ወይስ ቤት ይተዋል? ብቻዬን ብወጣስ? ሰልፉ የተፈቀደ መሆኑን በምን አውቃለሁ? አስለቃሽ ጭስ ቢተኩሱ ምን አደርጋለሁ፣ ፖሊስ ቢይዘኝስ? እና ለእናቴ ምን ልበላት? ደብቄያት ልውጣ እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ እተወዋለሁ።

---

ኸይሪያ_ወሎ

አብሽሪ እህቴ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ላይ ይፈራል። ምንም የማይፈራ ሰው አጠገብሽ ካየሽ ራቅ ብለሽ ቁሚ፣ እውነቴን ነው።

እኔ የጀመርኩት የሃይስኩል ተማሪ ሆኜ፣ በ2004 እና በ2005 በሙስሊሞች የ«ድምፃችን ይሰማ» ተቃውሞ ጊዜ ነው። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ነበር የሚደረገው። ያ ጊዜ ያስተማረኝ፣ ሰላማዊ መሆን በዘፈቀደ እንደማይመጣ ነው። ምን እንደምናደርግ ቀድሞ ይነገረን ነበር። ዛሬ ድምፅ የለም። ዛሬ ሁለት እጃችሁን እንደታሰረ ሰው አጣምራችሁ ከፍ አድርጉ። ዛሬ ቢጫ ወረቀት ያዙ። ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ። መጀመሪያውም መጨረሻውም ስለሚታወቅ በመሀል የራሱን ነገር ሊያስገባ የመጣ ሰው ወዲያው ይለያል።

አንድ ቀን ከኋላችን አንድ ልጅ ድንጋይ አነሳ። አጠገቡ የነበሩ እናት ጅልባባቸውን ሰብሰብ አድርገው ሄዱና እጁን ያዙት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቁ። አልተቆጡትም፣ ምንም አላሉትም። ድንጋዩን ከአስፋልቱ ዳር አስቀምጠው ተመልሰው ቦታቸው ቆሙ። ልጁ ቀኑን ሙሉ እሳቸው አጠገብ ነበር። እኔ ሰላማዊ ሰልፍ የሚለውን ከዚያ ወዲህ በእሳቸው ነው የማስበው።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ። ብቻሽን አትውጪ። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ውጡ፣ ከዚያ ከበዛችሁ ትጠፋፋላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት ብንጠፋፋ የት እንገናኝ የሚለውን ተነጋገሩ። ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል «እደውልልሻለሁ» ብቻ አይበቃም። ቦታው ከሰልፉ መንገድ ወጣ ያለ ይሁን፣ የዘመድ ቤት፣ የምታውቂው ሱቅ፣ እንደዛ ዓይነት።

ጫማሽ ዝግና ክሩ የጠበቀ ይሁን። ነጠላ አትልበሺ፣ ይያዛል፣ ይረገጣል። ሻሽ ወይ ሂጃብ ከሆነ ያለ መርፌ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው። የጆሮ ጌጥና ሐብል ቤት ይቅር። መታወቂያ ያዢ። ውሃ፣ ትንሽ ቆሎ፣ የባጃጅ ዝርዝር ብር። ዣንጥላ ሹል ስለሆነ ይቅር፣ ዝናብ ከፈራሽ ጃኬት ልበሺ።

መሀል አትግቢ፣ ፊት ለፊትም አትሂጂ። ዳር ዳሩን ሁኚ። እና ጆሮሽን ክፈቺ። መፈክሩ ሌላውን ብሔር ወይ ሌላውን ሃይማኖት ወደ መስደብ ከዞረ፣ የመጣሽበት ሰልፍ አብቅቷል ማለት ነውና ጓደኞችሽን ይዘሽ ውጪ። ማንንም ማስረዳት የለብሽም፣ ዝም ብለሽ ውጪ።

---

ጠበቃው_ከቧንቧ_ውሃ

ጠበቃ ነኝ፣ የተፈቀደ መሆኑን በምን አውቃለሁ ላልሽው ልመልስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። አፈጻጸሙን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። ከሕገ መንግሥቱ በፊት የወጣ ነው፣ እስካሁን የምንሠራበት እሱን ነው። አዋጁ አዘጋጆቹን ፈቃድ ለምኑ አይልም። ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ነው የሚለው። ጽሑፉ ላይ የሰልፉ ዓላማ፣ ቦታው፣ ቀንና ሰዓቱ፣ የሚሄድበት መንገድ፣ ይወጣል ተብሎ የሚገመተው ሰው ብዛት፣ ከአስተዳደሩ የሚፈለገው እርዳታ፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይሰፍራል። አስተዳደሩ በሰዓቱ ወይም በቦታው ካልተስማማ ምክንያቱን ጠቅሶ በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ሌላ ጊዜ ወይም ቦታ ይጠቁማል። በማንኛውም ጊዜና ቦታ አይደረግም ብሎ መዝጋት ግን አይችልም።

ስለዚህ ማጣራት ያለብሽ፣ ስሙንና አድራሻውን ጽፎ የፈረመ ሰው አለ ወይ የሚለውን ነው። ደብዳቤው ገቢ ሆኗል ወይ? ማኅተም ያረፈበት ቅጂ አላቸው? መንገዱ ተጽፏል? ይሄን ስትጠይቂ ቅር የሚለው አዘጋጅ ካጋጠመሽ ቤትሽ ቁጭ በይ። ቴሌግራም ላይ ባለቤት የሌለው ጥሪ ብቻ ከሆነ አትውጪ። በደንብ የሚሠራ አዘጋጅ አስተባባሪዎችን ይመድባል፣ የሚለዩበት ሰደርያ ወይ ክንድ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ይሰጣቸዋል፣ ሰልፉ ስንት ሰዓት እንደሚበተንም አስቀድሞ ይናገራል።

አዋጁ የርቀት ክልከላም አለው። ከኤምባሲ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከሆስፒታል 100 ሜትር፣ ከጦር ኃይልና ከፖሊስ ተቋማት 500 ሜትር ውስጥ ሰልፍ አይደረግም። ደሴ በአንድ ረጅም መንገድ ግራና ቀኝ የተሠራች ከተማ ናት፣ ይሄን ሁሉ ጠብቆ መንገድ ማውጣት ቀላል አይደለም። አዘጋጆቹ ከአስተዳደሩ ጋር ቁጭ ብለው መንገዱን መጨረስ ያለባቸው ለዚህ ነው።

አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካለ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በክልላችን ሐምሌ 28፣ 2015 በታወጀው ጊዜ መሰብሰብና ሰልፍ መከልከል ይቻል ነበር። በአንቀጽ 93 መሠረት የመሰብሰብ መብት ሊታገድ ከሚችሉት ውስጥ ነው። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ግን በምንም አይታገድም። ቅዳሜ ማታ አዲስ ክልከላ ወጥቶ እንደሆነ ሳታረጋግጪ እሁድ ጠዋት ከቤት አትውጪ።

ቢይዙሽ። አትታገይ፣ አትሩጪ። ስምሽን ተናገሪ፣ ለምን እንደተያዝሽ ጠይቂ። በሚገባሽ ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገርሽ ይገባል። ቃል ያለመስጠት መብት አለሽ፣ ከሰጠሽ ደግሞ በማስረጃነት ሊቀርብብሽ እንደሚችል እወቂ። ያላነበብሽው ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብሽ፣ ይሄ አንቀጽ 19 ነው። ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጠይቁሽ ይችላሉ፣ ይሄ ደግሞ አንቀጽ 21 ነው። ስለዚህ የአንድ ጠበቃ እና የአንድ ቤተሰብ ስልክ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። ስልክሽ ከተወሰደ የማንንም ቁጥር በቃልሽ አታውቂውም፣ ዛሬ ሁላችንም እንደዛ ነን።

ሕጉ እንዲህ ይላል ማለት ግን ሁሌ እንዲህ ይደረጋል ማለት አይደለም። ደንበኞቼ ከዚያ በላይ ቆይተው ፍርድ ቤት የቀረቡበት ጊዜ አለ። ቢሆንም መብቱን የሚያውቅና ውጭ የሚፈልገው ሰው ያለው እስረኛ አያያዙ ይለያል።

---

ደሴን_የምወድ

እህቴ ቅር አይበልሽ፣ እኔ አትውጪ ነው የምለው። ፈሪ ስለሆንኩ አይደለም። ሚያዝያ 2013 የአጣዬው ጥፋት ጊዜ በክልሉ ከተሞች ሁሉ ሕዝብ ሲወጣ ደሴም ወጥታለች፣ እኔም ነበርኩ። ያን ያህል ሰው በዚያ መንገድ አይቼ አላውቅም። ምን ተለወጠ? ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ እዚሁ መጣ። ከተማችን እስከ ኅዳር 27፣ 2014 በሌላ እጅ ነበረች። የተዘረፈውን፣ የሞተውን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ይሄ ሌላው ግጭት ተከተለ።

ደሴ ደክማለች። አንድ ጥይት ቢተኮስ ሱቅ ይዘጋል፣ ባጃጅ ይቆማል፣ የቀን ሠራተኛ ጾሙን ያድራል። ጠበቃው የጠቀሰው አንቀጽ 30 ራሱ አቤቱታ የማቅረብ መብትንም ይሰጣል። ፊርማ አሰባስቡ። የሹፌሮች ቤተሰቦች ተሰብስባችሁ የደረሰባችሁን ጻፉ፣ ለክልሉ ምክር ቤት፣ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስገቡ። የወሎ ሰው ተጣልቶ ሲታረቅ የኖረው በሽማግሌ ነው፣ በዱበርቲ፣ በመራቂ እናቶች ምርቃት ነው። ይሄን ሁሉ ትተን ለምን አስፋልት ላይ?

---

ኸይሪያ_ወሎ

@ደሴን_የምወድ ወንድሜ ያልከው እውነት አለው፣ ግን አቤቱታው ሰልፉን አይተካውም። ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይገባል። መንገድ ላይ የቆመ ሕዝብ መሳቢያ ውስጥ አይገባም። ደግሞ አቤቱታ የሚፈርም ሰው እንኳ የሚገኘው ሰው ብቻዬን አይደለሁም ብሎ ሲያምን ነው። እሱን የሚያየው የት ነው? ሁለቱንም እናድርግ።

---

ደሴን_የምወድ

ሁለቱም ይሁን ካላችሁ አልከራከርም። እኔ ግን እናቶች ሲያለቅሱ ደግሜ ማየት አልፈልግም። የፊርማውን ነገር ከጀመራችሁ ማተሚያ ቤት አለኝ፣ ወረቀቱ በኔ ነው።

---

ነርስ_ነኝ

ስለ አስለቃሽ ጭሱ ልንገርሽ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው።

ጭሱ ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ታች ነው የሚተኛው። ስለዚህ መሬት ላይ አትቀመጪ፣ ቆላ ቆላውንም አትሩጪ። ደሴ ዳገት ናት፣ ይሄ ይጠቅመናል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እዪና ወደ ነፋሱ ፊትሽን ሰጥተሽ፣ ከተቻለ በጦሳ ተራራ በኩል ወደ ላይ በሚወጡት ቅያሶች ውጪ። ዓይንሽን አትሺው። በጣም ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ግን ማሸት ያባብሰዋል። ንጹህ ውሃ ብቻ ከውስጠኛው የዓይን ጥግ ወደ ውጭ አፍስሺበት። ሃይላንዱ ከመጠጣት ይልቅ ለዚህ ያስፈልግሻል። ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ ኮካ የሚሉትን አትስሚ። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጊ ከሆነ ቤት ትተሽው በመነጽር ውጪ። ጠዋት ፊትሽን ቫዝሊን ወይም ወፍራም ቅባት አትቀቢ፣ ቅባት ጭሱን ቆዳ ላይ ያጣብቀዋል። አብዛኛው ሰው ንጹህ አየር ካገኘ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይሻለዋል። ቤት ስትገቢ ልብስሽን ቀይሪ፣ ሰውነትሽን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠቢ፣ ልብሱን ከሌላ ልብስ ጋር አትዘፍዝፊው። አስም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ያዘለች እናት ግን እንዲህ ዓይነት ስጋት ባለበት ቀን መምጣት የለባቸውም። ይሄን የምለው በጣም ከልቤ ነው።

ከጭሱ በላይ የምፈራው መረጋገጡን ነው። እኛ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ ሲሮጡ የወደቁ ናቸው። ሰው መግፋት ከጀመረ ሁለት እጅሽን እንደ ቦክሰኛ ደረትሽ ፊት አድርጊ፣ ለሳንባሽ የሚሆን ቦታ ትይዥለታለሽ። ሰዉን ተቃውመሽ አትግፊ፣ ከሰዉ ጋር እየሄድሽ በሰያፍ ወደ ዳር ውጪ። ስልክ ቢወድቅ፣ ጫማ ቢወልቅ እንዳታጎነብሺ። ከወደቅሽ በጎንሽ ተጠቅልለሽ ጭንቅላትሽን በክንድሽ ሸፍኚ፣ ክፍተት ስታገኚ ወዲያው ተነሺ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

---

ሐረጎ_ቁልቁለት

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ እሁድ ሽፍት የለኝም፣ ከጓደኞቼ ጋር እመጣለሁ። ከኮምቦልቻ ለምትመጡ። ማታውኑ ዘመድ ጋ ገብታችሁ እደሩ። ጠዋት ሐረጎ ላይ ፍተሻ ካለ ወይ መንገድ ከተዘጋ መሀል ላይ ትቀራላችሁ። 25 ኪሎ ሜትር በእግር የሚመለስ የለም። ጃኬት ያዙ፣ የደሴ ጠዋት እንደኛ አገር አይደለም፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ዳገቱን ስትወጡ ትንፋሽ ያጥራችኋል።

ዱላ የለመዳችሁ ዱላችሁን ተዉት። ለናንተ የእጅ ነገር ነው፣ ለሚያይ ሰው ግን መሣሪያ ነው።

ስለ ስልክም እኔ ልበል። ይዘሽ ውጪ፣ ግን በአሻራ የሚከፈተውን አጥፊና በቁጥር አድርጊው። ቻርጅ ሙሉ ይሁን። ላይቭ አትግቢ። የሰው ፊት የሚያሳይ ፎቶ አትለጥፊ፣ አንቺ ባትፈሪ ጎንሽ ያለው ልጅ መሥሪያ ቤቱ የሚያባርረው ሊሆን ይችላል። ከኋላ አንሺው፣ ወይም ወረቀቱን ብቻ።

---

ከጦሳ_ስር

ሁላችሁንም አላህም እግዜርም ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ወረቀት ላይ የራሴን ጽፌ ልያዝ ወይ? «ሹፌሩ የእናት ልጅ ነው» ብዬ ነው መጻፍ የፈለግኩት።

---

ጠበቃው_ከቧንቧ_ውሃ

ይቻላል፣ ቆንጆም ነው። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፣ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን ለይቶ ጥላቻ የሚያነሳሳ ነገር ከተጻፈ ያስጠይቃል። ያንቺው ከዚያ ጋር አይገናኝም። ቢሆንም አዘጋጆቹ አንድ ዓይነት መፈክር ብቻ እንያዝ ካሉ አክብሪያቸው። እንጨት ላይ አትለጥፊው፣ ካርቶን ብቻ በእጅሽ ያዢ።

---

የድሮ_የስሕን_ተማሪ

ልጄ፣ ሌሎቹ ያልነኩትን የእናትሽን ጉዳይ ልንገርሽ። በዕድሜ ከእናትሽ እበልጣለሁ መሰለኝ።

በ1966 ወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ። የተማሪዎች ንቅናቄው ዋለልኝ መኮንን ከእኛ በፊት የተማረበት ቤት ነው፣ እኛ ስንገባ ስሙ በሹክሹክታ ነበር የሚነሳው። ያን ጊዜ የወሎ ገበሬ እየረገፈ ነበር። በዋናው መንገድ ዳር ተደርድረው የሚያልፍ መኪና የሚለምኑ ሰዎችን እያየን ነው ትምህርት ቤት የምንሄደው። አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል፣ ልጃቸውን አዝለዋል፣ በእጃቸው ባዶ ቅል ይዘዋል፣ መኪና ሲመጣ ቅሉን ከፍ ያደርጋሉ፣ መኪናው ሲያልፍ ያወርዳሉ። እንዲህ ሲያደርጉ አየሁና ክፍል ገብቼ ጂኦግራፊ ተማርኩ። መንግሥት ነገሩ እንዳይሰማ ይፈልግ ነበር። የኛ ሰልፍ የመጣው ከዚያ ነው። ማንም ፓርቲ አልነበረንም፣ ያየነውን ነው የጮህነው።

ሚያዝያ 12፣ 1966 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙ የእኩልነት ጥያቄ ይዞ ወጣ። ከ100,000 በላይ ሰው እንደወጣ ይነገራል። ክርስቲያኑም አብሮ ወጥቷል። ታላቅ ወንድሜ እዚያ ነበር፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያለው ልጅ፣ ለሙስሊም ወንድሙ ብሎ። በሰላም ወጡ፣ በሰላም ገቡ። ደርግ ከመጣ በኋላ ዒድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆኑ። ዛሬ መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ዒድን በሰላም የምናከብረው ያን ቀን በወጣው ሰው ነው። ደሴን የምወድ ያለው ልጅ ምን ተለወጠ ብሎ ጠይቋል። አንዳንዱ ይለወጣል ልጄ፣ በወጡበት ቀን ግን አይታይም።

ከዚያ የሆነውን እናትሽ ታውቃለች። እኔም ከክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹን አጥቻለሁ። ስለዚህ እናትሽ ያለ ምክንያት አልፈራችም። «ዘመኑ ሌላ ነው» ብለሽ እንዳትከራከሪያት። የሷን ወንድም የገደሉት ሰዎችም ዘመኑ ሌላ ነው ይሉ ነበር።

ደብቀሽ አትውጪ። እሷ በጣም የምትፈራው ሰው እንደወጣ መቅረቱንና የት እንደሄደ አለመታወቁን ነው። ደብቀሽ ብትወጪ ያንኑ ነው የምትደግሚባት። ንገሪያት። ከማን ጋር እንደምትሄጂ፣ በየት በኩል፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሺ፣ ብትዘገዪ ለማን እንደምትደውል በወረቀት ጽፈሽ እጇ ላይ አስቀምጪ። የጓደኞችሽን እናቶች ስልክ ስጫት፣ እናቶች እርስ በርስ ይደዋወሉ። እና ስለ ወንድሟ ጠይቂያት። ምን ዓይነት ልጅ ነበር በያት። አሟሟቱን ሳይሆን አኗኗሩን። ብዙ ቤት ውስጥ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያንን የጠየቀ ሰው የለም።

አልሆንም ካለችሽ፣ እምቢታዋ ከልብ ከሆነ፣ ይሄን ሰልፍ ተይው። ሌላ ይመጣል። ፊርማው አለ፣ ወረቀት የሚሰጥ ሰው እዚሁ ተገኝቷል።

---

ከጦሳ_ስር

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ትናንት ማታ ቡና ላይ ነገርኳት። መጀመሪያ ጀበናውን አስቀምጣ ተነሳች፣ ጓዳ ገባች፣ የምትመለስ አልመሰለኝም። ስትመለስ እርስዎ እንዳሉት ስለ አጎቴ ጠየቅኳት። በቃ እስከ እኩለ ሌሊት አወራን። ኳስ ይወድ ነበር አለች። ሆጤ ሜዳ ላይ ሲጫወት አጥር ላይ ተንጠልጥላ ታየው ነበር። ከሆጤ እንደምንነሳ ነግሬያት ስለነበር እሱን ስትነግረኝ ዝም አልኩ።

አልፈቀደችም፣ አልከለከለችምም። «ከማን ጋር ነው?» ብላ ጠየቀች። የሦስቱንም ጓደኞቼን ስም ነገርኳት። አንዷን አልወደደቻትም፣ ቀልበ ቢስ ናት አለች፣ በሷ ፈንታ የአክስቴ ልጅ ታናሽ ወንድም ይሂድ አለች። እሺ አልኩ። 5 ሰዓት ሲሆን ሰልፉ ባያልቅም እንድወጣ አስምላኛለች።

ዛሬ ደግሞ በምሳ ሰዓት አዘጋጆቹ ያሉበት ቢሮ ሄጄ የደብዳቤውን ቅጂ አሳዩኝ አልኳቸው። አሳዩኝ። ማኅተም አለው፣ የሦስት ሰው ፊርማ አለው፣ መንገዱ ተጽፏል። ከአስተዳደሩ ግን የመጣ መልስ የለም። አንደኛው ሰውዬ «እስካሁን ደብዳቤውን አሳዩኝ ያለን ሰው አልነበረም» አለኝና ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። አስተባባሪ ሴት ስለሚያንሰን ሰደርያ ልስጥሽ ወይ ብሎም ጠየቀኝ። አሁን እምቢ አልኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ዳር ሆኜ ልይ ብዬ። ልክ ነኝ?

---

ኸይሪያ_ወሎ

ልክ ነሽ። ዘንድሮ ዳር ሁኚ። እኔ ሰደርያውን እወስደዋለሁ፣ ቢሮው የት እንደሆነ በውስጥ ላኪልኝ።

---

ጠበቃው_ከቧንቧ_ውሃ

በ12 ሰዓት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካልመጣላቸው ሰልፉ ባሳወቁት መሠረት ይደረጋል ብለን ነው የምንከራከረው። ግን ቅዳሜ ማታ ደውለሽ አረጋግጪ። ሰዓት ወይ ቦታ ከተቀየረ ለእናትሽ የሰጠሻትን ወረቀት ቀይሪላት። የኔን ቁጥር በውስጥ ልኬልሻለሁ፣ ለጓደኞችሽም ስጫቸው፣ እሁድ ቀኑን ሙሉ ስልኬ ክፍት ነው።

---

ነርስ_ነኝ

እሁድ ተረኛ ነኝ። ሃይላንዱን ሁለት አድርጊው፣ አንዱ ለአክስትሽ ልጅ ታናሽ ወንድም። ቁርስ ሳትበሉ እንዳትወጡ።